የዓርብ አደራና ዝም ያለው ውሃ

የሥራ ልምድ ማስረጃዬ አንድ ገጽ ነው። ባለፈው ሳምንት ለኮሌጁ ማህደር ኮፒ እንዳስገባ ስጠየቅ ከመሳቢያ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። የሥራ መደቤ፣ የደሞዜ መጠን፣ የቆየሁበት ጊዜ ተጽፏል። ከታች «በገዛ ፈቃዷ ለቅቃለች» ይላል። የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ጊዜ ደጋግሞ የሚመጣብኝ የአንድ ዓርብ አንድ ሰዓት ነው፤ እሱ ገጹ ላይ የለም።

አሁን ወልድያ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ጡረታ አልወጣሁም፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። የሥራ ዘመን ትዝታ መጻፍ የትልልቅ ሰዎች ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ወደዚያ ሙያ የምመለስ አልመሰለኝም፤ ሳልረሳው ልጽፈው ፈለግሁ። ተማሪዎቼም አንድ ነገር ይጠይቁኛል። በወርክሾፕ ከመለኪያው ላይ ያነበቡትን ቁጥር ከመጻፋቸው በፊት ጮክ ብለው ለጓደኛቸው እንዲናገሩ፣ ጓደኛቸውም መስማቱን እንዲመልስ አደርጋለሁ። «ቲቸር፣ እየጻፍነው አይደል? ለምን እንጮሃለን?» ይሉኛል። እስካሁን መልስ አልሰጠኋቸውም።

በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራ ያገኘሁት ሐራ ነበር፤ የግንባታ ማሽኖች የሚጠገኑበት ግቢ ውስጥ። አለቃዬ ቀና ብለው ሳያዩኝ ሴት ልጅን ከግሪስ ጋር ምን አቆራኛት ብለው የነዳጅ ቅጽ እንድሞላ አስቀመጡኝ። እውነቱን ለመናገር አልከፋኝም። ወረቀት አያናግርም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው በተሰበሰበበት ድምፄ ይጠፋል፤ ዩኒቨርሲቲም ጥናቴን ሳቀርብ መምህሩ ከፊት ወንበር ተነስተው አጠገቤ መጥተው ቆመው ነው የሰሙኝ። ሐራ ላይ አንድ ዓመት ያህል ከማንም ጋር ብዙ ሳልነጋገር፣ አንድም ቅጽ ሳላሳስት ሠራሁ። ከዚያ መርሳ የምህንድስና ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል አመለከትኩ።

ፋብሪካው ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የሀብሩ ወረዳ ገበሬ የሚያመጣውን ቲማቲም ያበስላል፣ ሽንኩርት ያደርቃል። መብራት ስለሚቆራረጥ ባለቤቶቹ ያገለገለ ትንሽ የጋዝ ተርባይን ገዝተው ተክለዋል። የጋዝ ተርባይን ይባል እንጂ የሚያቃጥለው ናፍጣ ነው፤ ጋዝ የተባለው ውስጡ ያሉትን ቢላ መሰል ክንፎች የሚያሽከረክረው የጋለ ጭስ ነው። እኔ ስደርስ ያ ጭስ ሥራውን ጨርሶም አምስት መቶ ዲግሪ አካባቢ እንደጋለ በቀጥታ ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። ሃያ እርምጃ ርቆ ደግሞ ለቲማቲም ማብሰያው እንፋሎት የሚያመነጭ አሮጌ ቦይለር ቀኑን ሙሉ የባሕር ዛፍ ግንድ ይበላል።

የማሽን ቤቱ ኃላፊ ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። የሀብሩ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው አሰብ ወርደው ብዙ ዓመት ቦይለር ላይ ሠርተዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ከጭስ ማውጫው በላይ አየሩ ሲርገበገብ ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይቀየራል። «ይሄ ሁሉ ናፍጣ አሞራ ያሞቃል» ይሉ ነበር።

እኔ የተቀጠርኩት ያ ሙቀት ተመልሶ ሥራ ላይ እንዲውል ለማገዝ ነው። በተርባይኑና በጭስ ማውጫው መሀል ሌላ ቦይለር ገባ፤ የራሱ እሳት የሌለው ቦይለር። ጭሱ በቱቦዎቹ ዙሪያ ሲያልፍ ቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ወደ ማብሰያውና ወደ ሽንኩርት ማድረቂያው ይሄዳል። ከቦይለሩ በፊት ጭሱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አንድ ትልቅ የብረት በር አለ፤ በእጅ በሚዞር መዘውር ይንቀሳቀሳል። በሩ ወደ አንድ በኩል ሲዞር ጭሱ ወደ ቦይለሩ ይገባል፤ ወደ ሌላው ሲዞር ቦይለሩን ትቶ ወደ ሰማይ ይወጣል። አሮጌው ቦይለር እሳቱ የጠፋበት ቀን ጋሽ እንድሪስ የተረፈውን ግንድ ለሠራተኞቹ አከፋፈሉ።

ከመጽሐፍ የመጣሁ ስለሆንኩ ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ልልቀመው ብዬ ነበር። ተጨማሪ ቱቦ ብናስገባ ይህን ያህል ናፍጣ ይተርፋል ብዬ በወረቀት አስልቼ ሰጠኋቸው። በጥሞና አነበቡት። ከዚያ ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቀው ወደ ጭስ ማውጫው እግር ወሰዱኝና ጣቴን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አሳዩኝ። ተርባይኑ በዝቅተኛ ኃይል በሠራባቸው ሳምንታት ጭሱ ከሚገባው በላይ ቀዝቅዞ ኖሯል። ጭስ ሲቀዘቅዝ ያልበዋል፤ ላቡ አሲድ ነው፤ ብረት ይበላል። «ለጭስ ማውጫውም ድርሻውን ተይለት፣ ልጄ» አሉኝ። ከቦይለሩ የሚወጣው ጭስ ሁለት መቶ ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን ያኔ ተስማማን። ከዚያ ካነሰ ላብ ነው። ከዚያ ከበለጠ ወይ ቱቦው ጥላሸት ይዟል፣ ወይ ውሃው ሙቀቱን እየወሰደ አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሌላም አስተምረውኛል። ትኩስ መሆኑን ያላወቁትን ብረት በመዳፋቸው አይነኩም፤ የእጃቸውን ጀርባ ያስጠጋሉ። መዳፍ ሲደነግጥ ይጨብጣል፣ የእጅ ጀርባ ግን ይሸሻል። ለቦይለሩ ውሃ የሚያቀርበውን ፓምፕ ጤንነት የሚያዳምጡት አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ባደረጉት የወይራ ዱላ ነው። ከሁሉ በላይ የውሃ መስታወቱን በየሰዓቱ «ይጠይቁታል»። መስታወቱ በቦይለሩ ጎን የቆመ፣ ከላይና ከታች ከቦይለሩ ጋር የተገናኘ የብርጭቆ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ምን ያህል ውሃ እንዳለ በእሱ ይታያል። ጋሽ እንድሪስ ግን አይተውት አያልፉም። የታችኛውን ማፍሰሻ ይከፍታሉ፣ ውሃው እየጮኸ ይወጣል፣ ይዘጋሉ፣ ውሃው ወዲያው ተመልሶ ሲወጣ ያያሉ። «ውሃ አለ» ይላሉ ጮክ ብለው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ኖረም አልኖረም። ቦይለር ሲሠራ የመስታወቱ ውሃ አይረጋም፤ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። እሳቸው «ይተነፍሳል» ይሉታል።

ከእኛ ጋር ሰይድ የሚባል ኦፕሬተር ነበር፤ ጎበዝ፣ ሳቂታ፣ በቀልድ ሰው የሚነካካ። መጀመሪያ ባየኝ ሳምንት እመቤት የሚለውን ስሜን ትቶ ኢንጂነር ሹክሹክታ ብሎ ሰየመኝ፤ ግቢው በሙሉ ያዘው። አንድ ጊዜ ከቦይለሩ የሚወጣው ጭስ በየሳምንቱ ሦስት አራት ዲግሪ እየጨመረ እንደሆነ ከመዝገቡ ላይ አገኘሁ፤ ቱቦው ጥላሸት እየያዘ ነበር። ጽፌ ለጋሽ እንድሪስ ሰጠሁ። ሠራተኛውን ሰብስበው ወረቀቱን መለሱልኝና አንብቢው አሉኝ። ቆምኩ። ድምፄ አልወጣም። ሰይድ ተነስቶ ከእጄ ወሰደና በሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ «እንደምን ዋላችሁ አድማጮቻችን፣ ከቦይለር ቤት የደረሰን ዜና እንደሚያመለክተው» ብሎ አነበበው። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቱቦው ታጠበ፣ ሙቀቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጋሽ እንድሪስ ብቻ አልሳቁም። በኋላ ለብቻዬ ሳገኛቸው እሱ ባይኖር ማን ያነብልሽ ነበር ብለው ጠየቁኝ።

አሁን ወደ አደራው ልምጣ። በማሽን ቤቱ ግማሾቻችን ሙስሊም፣ ግማሾቻችን ክርስቲያን ነበርን። ዓርብ ቀትር ላይ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሲሄዱ ክርስቲያኖቹ በየተራ አንድ አንድ ሆነን እንጠብቃለን፤ እሁድ ጠዋትና በበዓላት እነሱ ይጠብቁልናል። ማንም በወረቀት አልጻፈውም፤ አደራ ነው የሚባለው። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ እሁድ ጠባቂው ሳይጠየቅ ቫልቭ ነካክቶ ሥራ ተበላሽቶ ነበር አሉ። ጭቅጭቁ ከቫልቭ አልፎ ወደ ሃይማኖት ሊዞር ሲል ጋሽ እንድሪስ ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው ሕግ አወጡ። አደራ የያዘ ሰው ያያል፣ ይጽፋል፣ ምንም አይነካም። ከከፋበት አደራ የሰጠውን ሰው ያስጠራል። ከዚያ ወዲህ ጠብ አልነበረም።

እኔ በዚህ ሕግ ደስተኛ ነበርኩ። ማየትና መጻፍ አውቅበታለሁ። ማስጠራት ነው የሚከብደኝ። አንድ ዓርብ ሞክሬው ነበር። ተርባይኑ ያልለመድኩት ድምፅ ሲያሰማ ዘበኛውን ወደ መስጊድ ላክሁ። ጋሽ እንድሪስ የኢማሙን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ ትተው መጡ፤ የላላ ሽፋን ነው የሚንቀጫቀጨው። ብሎኑን አጥብቀው፣ ደግ አደረግሽ ብለው ተመለሱ። ሰይድ ግን ሳምንቱን ሙሉ «ወላሂ ይህቺ ልጅ ጁምዓችንን ልታስቀረን ነው» እያለ ቀለደብኝ። ከቀልድ የዘለለ ነገር አልነበረውም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እርግጠኛ ሳልሆን ማንንም አላስጠራም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ያ ዓርብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የጉድጓዳችን ውሃ ከባድ ነው፤ ሲፈላ ነጭ ድንጋይ የመሰለ ነገር ይጋግራል። ለዚህ በጨው የሚሠራ ማለስለሻ ነበረን። በዚያ ወር መንገድ ተዘግቶ ጨው ዘገየ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሴም የቲማቲም ወቅት ነውና አይቆምም አሉ። ጋሽ እንድሪስ ተቃውመው ተሸነፉ። ጨው እስኪመጣ መስታወቱን በየግማሽ ሰዓቱ እንድንጠይቅ አዘዙ። በዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እሳቸው፣ ሰይድና ሌሎቹ ወጡ። መስታወቱን ራሳቸው ጠይቀው፣ «ውሃ አለ» ብለው፣ ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «አደራ» አሉኝ።

እንደ ሁልጊዜው ጻፍኩ። ስድስት ከአርባ አምስት፣ የሚወጣው ጭስ ሁለት መቶ አራት ዲግሪ። ሰባት ሰዓት፣ ሁለት መቶ ሃያ አንድ። መስታወቱን አየሁ፤ ውሃው ከመሀል ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል። ውሃ አለ ማለት ነው። ግን ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ፓምፑ አንዴ ብቻ ነው የተነሳው። ውሃው ሲጎድል ከቦይለሩ ጋር የተያያዘው ተንሳፋፊ አስነስቶት በየስምንት በየአሥር ደቂቃው ሲነሳና ሲቆም ነው የምሰማው። አሁን ዝም ብሏል።

የግማሽ ሰዓቱ ጥየቃ ደርሷል። እጄን ወደ ማፍሰሻው ሰደድኩና መለስኩ። ማፍሰሻውን መክፈት መንካት ነው ወይስ ማየት? ጋሽ እንድሪስ ጠይቁ ብለዋል፤ ለኦፕሬተሮቹ ነው ወይስ ለአደራ ጠባቂም? ቆሜ ይህን አሰብኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን ትልቅ ጥያቄ ነበር፤ ስነካ አንድ ነገር ቢበላሽ፣ የክርስቲያኗ ልጅ በጁምዓ ሰዓት ነካክታ ቢባል ብዬ ፈራሁ።

ሰባት ከአሥር ላይ መስታወቱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ውሃው አይተነፍስም። ልክ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ብርጭቆ ረግቷል። ይህንን ጻፍኩ፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ሰባት ከሩብ፣ ሁለት መቶ አርባ ስምንት ዲግሪ።

መስጊዱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ በባጃጅ ሦስት። ዘበኛው በር ላይ ተቀምጧል። ወጥቼ አየሁት፣ እሱም ምን ፈለግሽ በሚል ዓይን አየኝ። ኹጥባው ሊያልቅ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ብጠብቅ ራሳቸው ይመጣሉ ብዬ አሰብኩ። ያ የላላ ሽፋን ትዝ አለኝ። ምንም ሳልለው ተመልሼ ገባሁ።

ሰባት ከሃያ አምስት፣ ሁለት መቶ ዘጠና። አሁን የእንፋሎቱ ግፊትም መውረድ ጀመረ። መዘውሩ ፊት ቆምኩ። ማድረግ የነበረብኝን አውቅ ነበር፤ በፈተና ቢጠይቁኝ ሙሉ ማርክ አገኝ ነበር። በሩን ወደ ሰማይ አዙሮ ቦይለሩን ከጭሱ ማላቀቅ፣ ውሃ አለመጨመር፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ። እጆቼን መዘውሩ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ አወረድኳቸውና የግፊቱን ቁጥር ልጽፍ ወደ መዝገቡ ሄድኩ።

ሰባት ተኩል አለፍ ብሎ ጋሽ እንድሪስ ገቡ። ሰላምታቸውን አልጨረሱም፤ ከበሩ ላይ ሆነው ሙቀቱን በፊታቸው አወቁት መሰለኝ። ወደ መስታወቱ ሄደው ማፍሰሻውን ከፈቱ። መጀመሪያ በመስታወቱ ውስጥ የነበረው ትንሽ ውሃ ወጣ፤ ከዚያ እንፋሎት ብቻ። ዘጉት። ውሃ አልተመለሰም። የታችኛው መገናኛ በዚያ ነጭ ድንጋይ ተደፍኖ ኖሯል፤ እኔ ሳየው የቆየሁት ውሃ መውጫ አጥቶ መስታወቱ ውስጥ የቀረውን ነው። ተንሳፋፊውንም ያው ድንጋይ ይዞት ነበር።

«መዘውሩን» አሉኝ፤ አብረን ያዝነው። ከባድ ነው፣ በዝግታ ነው የሚዞረው። ግማሽ ሳናዞረው ሰይድ በሌላኛው በር፣ ከፓምፑ በኩል ገባ። ግፊቱ መውረዱን አየ፣ ፓምፑ መቆሙን አየ። ማንኛውም ኦፕሬተር የሚያደርገውን አደረገ፤ ፓምፑን በእጁ አስነሳ። ጋሽ እንድሪስ ስሙን ሲጠሩ ሰማሁ። ውሃው የጋሉት ቱቦዎች ላይ ሲደርስ አንዱ ተቀደደ። ፓምፑ ያለው ከቦይለሩ ታችኛው መክፈቻ ሥር ነው፤ እንፋሎቱ በዚያ ወጣ። ቤቱ ነጭ ሆነ። ከነጩ ውስጥ ሰይድ ሁለት ክንዶቹን ፊቱ ላይ አድርጎ ወጣ፤ ዓይኑን ያዳኑለት ክንዶቹ ናቸው። ክንዶቹና አንገቱ ግን ተቃጠሉ። ወደ ወልድያ ሆስፒታል በፋብሪካው መኪና ስንወስደው ጋሽ እንድሪስ ከኋላ አቅፈውት ነበር። «አብሽር፣ አይዞህ» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ቆሞ ያገኘውን ፓምፕ ማን ነው ያጠፋው እያለ ይጠይቃል። ማንም አላጠፋውም።

በሳምንቱ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አቶ ደምሴ፣ አንድ የአስተዳደር ሰውና ከኢንሹራንስ የመጣ ባለሙያ። የመጀመሪያው ጥያቄ ኃላፊው በሥራ ሰዓት የት ነበር የሚል ነው። ጋሽ እንድሪስ መስጊድ ነበርኩ አሉ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው፤ ማንም እንዳይነካ ያዘዝኩት እኔ ነኝ አሉ። ስምንት ወር ነበር ለጡረታቸው የቀራቸው። አቶ ደምሴ ያንን እያወቁ በጥፋት ማሰናበት ሊኖር ይችላል አሉ፤ ከእንግዲህም በሥራ ሰዓት መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የሚባል ነገር እንደማይኖር ጨመሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ያየሁት ነገር እንደነበር ጠየቁኝ። ጠረጴዛውን አየሁ። ጋሽ እንድሪስ «ልጅቷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው» ብለው መለሱልኝ። መዝገቡስ ሲባል በእንፋሎቱ ረጥቧል፣ እያደረቅሁት ነው አሉ። እኔን ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

ቅዳሜ ሰይድን ልጠይቅ ወልድያ ሄድኩ። ክንዶቹ እስከ ክርን ተጠቅልለዋል። ገና ሳልቀመጥ «ኢንጂነር ሹክሹክታ፣ አሁን በምን እጄ ወረቀትሽን ላንብብልሽ?» አለኝ። ልስቅ ሞከርኩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼን ሊያባርሯቸው ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እንጃ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሳልጠይቅ አስነሳሁት። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ፓምፕ ነው፣ እጄ ራሱ ሄደ።» የተጠቀለሉትን ክንዶቹን አየ። «ከመምጣታችን በፊት ግን ምን ይመስል ነበር? ምንም ምልክት አልነበረውም?»

መንገር ነበረብኝ። ነርሷ ገባች፣ እኔም ተነሳሁ። ወደ መርሳ በሚኒባስ ስመለስ መንገዱን በሙሉ ያን ጥያቄ ሰማሁት። ሰይድ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ አምኖ ይተኛል። ጋሽ እንድሪስ ጥፋቱ የእሳቸው ነው ብለው ተናግረዋል። ሁለቱም የማያውቁትን እኔ አውቃለሁ፤ እኔ አርባ ደቂቃ እያየሁ ነበር።

ተሳስቼ ነበር፤ አንደኛቸው ያውቁ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ መዝገቡን በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። በየገጹ መሀል ወረቀት እያስገቡ ቤታቸው ጥላ ላይ አድርቀውታል። ጫፎቹ ተጨማደዋል፣ ቀለሙ ትንሽ ተሰራጭቷል።

«ይነበባል» አሉኝ።

«አነበቡት?»

«የኔ ዓይን ለትንንሽ ጽሑፍ ደክሟል፣ ልጄ። አንድ ሁለት ገጽ ነው ያየሁት።» መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ኮሚቴው ሐሙስ ይቀመጣል። መዝገቡን ማን ያመጣል ቢሉኝ ካንቺ ጋር ነው እላለሁ። ሌላ አልልም።»

«እኔ ብናገር ሥራዬ ያበቃል።»

«ይችላል» አሉ። አላጽናኑኝም። «አንቺ ገና ወጣት ነሽ። እኔ ደግሞ የሠራሁትን ሠርቻለሁ። እኔን ብለሽ እንዳትናገሪ። መናገር ያለብሽ ከመሰለሽ ግን ተናገሪ።»

ሐሙስ ወደ ኮሚቴው ክፍል ከቦይለር ቤት የሚመጣ ድምፅ አልነበረም፤ ተርባይኑ ቆሟል። አቶ ደምሴ ውሳኔውን አርቅቀው ይዘው መጥተዋል፤ የጋሽ እንድሪስ ስም በትልቁ ይታየኝ ነበር። ሳልጠየቅ ተነሳሁ። መዝገቡን ከፈትኩ። ያ ማንም የማይሰማው ድምፄ ነው የወጣው። የኢንሹራንሱ ባለሙያ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «እህቴ፣ አልተሰማኝም፤ ከመጀመሪያው» አለኝ።

ከመጀመሪያው አነበብኩት።

«ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት። የሚወጣ ጭስ ሁለት መቶ አራት። መስታወት ከመሀል በላይ። ሰባት ሰዓት። ሁለት መቶ ሃያ አንድ። ፓምፑ አንዴ ብቻ ተነሳ። ሰባት ከአሥር። የመስታወቱ ውሃ አይንቀሳቀስም። ሰባት ከሩብ። ሁለት መቶ አርባ ስምንት። ሰባት ከሃያ አምስት። ሁለት መቶ ዘጠና። ግፊት ወርዷል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጻፍኩትም ነበር፤ ግን እያነበብኩ እንዳለሁ ቀጠልኩ። «መስታወቱን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም። በሩን ወደ ሰማይ ማዞር እንዳለብኝ አውቅ ነበር። መዘውሩን ይዤ ለቅቄዋለሁ። የጋሽ እንድሪስ ሕግ ከከፋ አስጠሩ ይላል። ዘበኛው በር ላይ ነበር። አልላክሁትም።»

ባለሙያው መዝገቡን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ ገጹን በጣቱ እየተከተለ አየው። ማለስለሻው ያለ ጨው ስንት ቀን እንደሠራ ጠየቀ። አቶ ደምሴ ያንን ጥያቄ መመለስ ጊዜ ፈጀባቸው። ረቂቁ ወደ ቦርሳቸው ተመለሰ።

ውሳኔው ከአንድ ወር በኋላ መጣ። ጋሽ እንድሪስ በማስጠንቀቂያ ቆዩ፤ አደራውም ቀረ አልተባለም። ሰይድ ያጠፋው ነገር እንደሌለ ተጻፈለት። እኔ ከማሽን ቤት ወጥቼ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንድዛወር ተወሰነ። እዚያ የቆየሁት ጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ ለቀቅሁ። ውሳኔውን ትክክል አይደለም ብዬ አላውቅም።

ከዝውውሩ በፊት ግን አንድ ዓርብ ቀርቶኝ ነበር። የተቀደደው ቱቦ ተቀይሮ፣ ጨው መጥቶ፣ ተርባይኑ ከተነሳ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰዎቹ ለጁምዓ መታጠብ ሲጀምሩ ለአደራ ሌላ ሰው ይመደባል ብዬ ጥጌን ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱ ክርስቲያን ሠራተኛ ራሱ ሊይዝ ተነስቶ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ተቀመጥ አሉት። ቁልፋቸውን አምጥተው እኔ ፊት አስቀመጡ። ሁሉም እያየ ነበር።

«አደራ፣ እመቤት። ሕጉን ቀይሬዋለሁ፤ ለሁሉም ነግሬያለሁ፣ ላንቺ ልንገርሽ። ከከፋ መጀመሪያ በሩን ወደ ሰማይ። ከዚያ አስጠሪኝ። ሶላት ላይ ብሆንም አስጠሪኝ። ጽሕፈቱ በመጨረሻ።»

ወጡ። ቤቱ ውስጥ እኔና ተርባይኑ ቀረን። መስታወቱ ፊት ቆምኩ፤ ውሃው መሀል ላይ ነው፣ የሚንቀሳቀስም የማይንቀሳቀስም መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን አላምነውም። እጄን ወደ ማፍሰሻው ሰደድኩ፤ ጀርባውን አስጠግቼ፣ ሙቀቱን ለክቼ፣ ያዝኩት። ከፈትኩ። ውሃው እየጮኸ ወጣ፣ እግሬ ሥር እንፋሎት ሆነ። ዘጋሁት። መስታወቱ ባዶ ሆኖ ለአንድ አፍታ ቆየ፤ ከዚያ ውሃው ከታች ዘሎ መጣ፣ ከመሀል አለፈ፣ ወረደ፣ ወጣ። ይተነፍሳል።

«ውሃ አለ» አልኩ።

ተርባይኑ ዋጠው። እኔም አልሰማሁትም። አየር ሳብኩና ደረቴ እስኪያመኝ ድረስ ደገምኩት።

«ውሃ አለ!»

ከበሩ ውጪ፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ የጋሽ እንድሪስ ድምፅ መጣ። ከሌሎቹ ጋር የሄዱ መስሎኝ ነበር፤ አልሄዱም።

«ሰምቻለሁ» አሉ።

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ነጭ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ ሰዎቻቸውን ሊደርሱባቸው ወደ መስጊዱ ሲሄዱ አየኋቸው። ወደ ኋላ አልዞሩም።